ጫማዬን አጥሩ ላይ ሰቅዬ

እግሩን የሚያሳክከው ሰው ካለ፣ በተለይ ቀይ አፈር ላይ የሚውል ሰው፣ ይህን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጁ ያንብብለት። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለጎልማሶች ባስተማረችው ትምህርት። ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ አትፍረዱብኝ፤ ነገሩን ያዙልኝ።

የምኖረው ከጂንካ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ወደ አሪ ደጋ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ከቤቴ ኋላ ጓሮ አለኝ። በሬ ገብቶ የሚያርሰው አይደለም፤ በዶማና በእጅ የሚያዝ ነው። ከላይ በኩል እንሰትና ሙዝ፣ መሐሉ ላይ ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ካሮት፣ ዳር ዳሩን ጎደሬ፣ ከታች ደግሞ አቮካዶና ፓፓያ አለው። ልጆቼን ያሳደግኩት ከዚያ በሚወጣ ነው። አሁን አርጅቻለሁና ከበድ ያለውን ቁፋሮ የሚሠራልኝ ልጄ ዳንኤል ነው፤ እሱ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ መጥቶ ይቆፍርልኛል። መትከልና መንከባከቡ የኔ ነው።

የአሠራራችንን ነገር አሁን ልናገር፣ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነውና። ጫማ አለኝ። ከሠርጌ ጀምሮ ጫማ ሳላደርግ ከተማ ወርጄ አላውቅም። ጓሮ ስገባ ግን በሩ ላይ አወልቅና የአጥሩ ካስማ ላይ እሰቅለዋለሁ። እኛ አካባቢ አትክልት የሚያለማ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። አባቴ «መደብን በጫማ የረገጠ ዘሩን ያፍናል» ይል ነበር። እውነቱንም ነው፤ አፈሩ ውሃ ይጥገብ ወይስ ላዩ ብቻ ረጥቦ ሥሩ ይድረቅ፣ ውስጥ እግር ወዲያው ያውቀዋል። ሥራ ሲያልቅ እግራችንን እንታጠባለን፣ ጫማችንን እናደርጋለን፣ እንደ ሰው ከተማ እንወርዳለን።

በሽታው የጀመረኝ በበልግ ነው፣ ዝናቡ ገና ሲገባ። የጎመን ዘር መደብ ላይ በትኜ በሣር ሸፍኜ ነበር። የቀኝ እግሬ ጣቶች ሥር ያሳክከኝ ጀመር። ጭቃ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ የእግሬ ላይኛው ገጽ በሳማ እንደ ተገረፈ ያቃጥለኝ ጀመር። ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ጎድሎ አገኘዋለሁ። ጠዋት ስለሚጎድል ለማንም አልተናገርኩም። እንግዲህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዬ ይኸው ነው፤ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር ያታልላል። የዳነ እየመሰላችሁ ይከርማል።

ችግኙን ነቅዬ ወደ ሰፊው መደብ ባዛወርኩ ሰሞን ብርድ ብርድ አለኝ፤ ተንቀጠቀጥኩ። ብሽሽቴ ውስጥ ንፍፊት ወጣ። ባለቤቴ አልማዝ ብርድ ልብስ ደራርባ ብታለብሰኝም ጥርሴ መንገጫገጩን አላቆመም። ወደ ክሊኒክ ወሰዱኝ።

የክሊኒኩን አግዳሚ ወንበር እስከ ዛሬ ሳስበው ወገቤን ያመኛል። ካርድ የምትሰጠው ልጅ «ሽማግሌ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግ፣ ሰው ይለፍበት» አለችኝ። ሰበሰብኩ። ያበጠ እግር ሲሰበሰብ ምን ያህል እንደሚያም እሷ በምን ታውቃለች። ሐኪሙ ትኩሳቴን አይቶ «ወባ ነው» አለ። የወባ ኪኒን ዋጥኩ። ብርዱ ለቀቀኝ፣ እግሬ ግን እንዳበጠ ቀረ። ሌላ ቦታ ስሄድ «ታይፎይድ ነው» አሉኝ፤ የታይፎይድም ዋጥኩ። ሦስተኛው ሐኪም በወግ እግሬን አየልኝ። ከዚያ ታጥቦ የተወለወለ ጫማዬን ተመለከተና «አባት፣ ጫማ ያደርጋሉ?» አለኝ።

«አደርጋለሁ፣ ልጄ።»

«ሁልጊዜ?»

«ከወጣትነቴ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ሪህ ነው። ሥጋ ይቀንሱ።»

ሥጋ! እኔ ሥጋ የማየው በዓል ሲመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ማንም አይሥራው። ወጌሻ ጋ ሄድኩ። «የቆሸሸ ደም ነው የተጠራቀመው» ብሎ በምላጭ በጣኝ። ደሙ ወጣ፤ እብጠቱ ግን አልወጣም። የተበጣው ቦታ አመረቀዘ፣ ሸተተ። እኔ ክፍል ውስጥ ስገባ ዝንብ ከኔ ጋር ይገባ ጀመር። እግሬ አሁን ጠዋትም አይጎድል። ቆዳው እንደ ጎደሬ ልጥ ሸካራ ሆነ።

የሰው ነገር የመጣው ያኔ ነው። በሽታው ራሱ እንደ ሰው አልጎዳኝም።

ዘነበች የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ጓሮዋ ከጓሮዬ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ጎመን ሲያንሳት ከኔ ጓሮ እየቀጠፈች፣ ሽሮ ስፈልግ ከሷ ቤት እየተላከልኝ ኖረናል። አንድ ቅዳሜ ገበያ አልማዝ ጎመኑን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እኔ ከጎኗ እግሬን በጋቢ ሸፍኜ አለሁ። ዘነበች መጣች፣ አንድ እስር አነሣች፣ አገላበጠችው። ከዚያ ጋቢዬን አየችው።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ይሄ ጎመን አንተ በቆምክበት ነው የበቀለው?»

«ሌላ የት ይበቅላል፣ ዘነበች?»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ልጆች አሉኝ።»

ይህን በጆሮዬ ብትነግረኝ ኖሮ ባልከፋኝ። ገበያው እንዲሰማ ነው የተናገረችው። ቃሪያ የምትሸጠው ሴትዮ ወዲያው ተቀበለቻት። «ምን ትፈሪያለሽ፣ ጎመኑ እግር አለው እንዴ?» ሌላዋ ከወዲያ «የሱን ጎመን የበላ ሰው እግሩ ዱባ ያፈራል አሉ!» አለች። ገበያው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አልማዝ አልሳቀችም። ጎመኑን እንዳለ ጠቅልላ ተሸከመችና መንገዱን ሁሉ ሳታናግረኝ ሄደች። ቤት ስንደርስ ነው የፈነዳችው።

«ሳቅህ! ከነሱ ጋር ሳቅህ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ተቆጣ! አንድ ቀን እንኳ እንደ ወንድ ተቆጣ!»

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የሚገዛን ጠፋ። ጎመኑ ቢጫ ሆነ፤ ለፍየል ሰጠሁት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጄን ይጨብጡኝ የነበሩ ወንድሞች ከሩቅ እጃቸውን ያነሡልኝ ጀመር። አግዳሚው ላይ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል። ስለ ፍቅር ይሰበካል፤ ቦታው ባዶ ነው። አንዳንዱ «የዘር ነው፣ አያቱም ነበረባቸው» ይላል። አያቴን ያየ ሰው እኮ የለም! ሌላው «እርግማን ነው» ይላል። ማታ ተኝቼ የማን እርግማን ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ሰው ደጋግሞ ከነገራችሁ እውነት ይመስላችኋል።

ዳንኤልም ተነካ። ባጃጅ ተራው ላይ ጓደኞቹ «የዝሆኑ ልጅ» ይሉታል። አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«አባዬ፣ ዛሬ አንድ ሰውዬ ባጃጄ ውስጥ አልገባም አለኝ። ቤታችሁ በሽታ አለ አለኝ።»

«ተወው፣ ልጄ።»

«አንተ ሁሉን ተወው ነው የምትለው! ጎመኑን ተወዋ እንግዲህ! ሰው የማይገዛውን ነገር የምቆፍርልህ ለምንድን ነው? ባሕር ዛፍ ልትከልበት። ባሕር ዛፍ ማን ተከለው ተብሎ አይጠየቅም።»

«ባሕር ዛፍማ አፈሩን ይጨርሰዋል። እንሰቱም አይተርፍ።»

«ይጨርሰው! አንተን አልጨረሰህም?»

በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ቆረጠው፤ የሚቀጥለው ዝናብ ጎመን አድጎ ሰው ካልገዛው፣ እሱ ከእንግዲህ ዶማ አይነካም፣ ጓሮው ባሕር ዛፍ ይሆናል። መሬቱ የኔ ነው፣ ግን ያለሱ ጉልበት የኔ መሆኑ ምን ይረባኛል? እሺ አልኩት። ችግኞቹን በጥቁር ላስቲክ አድርጎ አምጥቶ ቤቱ ጥግ ደረደራቸው። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አያቸዋለሁ።

ወደ መሐል ሀገር ወደ አንድ ትልቅ ሐኪም ቤትም ሄጃለሁ፤ ጥጃ ሸጠን ነው። እዚያ የነገሩኝ «ትንኝ ያመጣው ነው፣ አይድንም» የሚል ነው። ያንን ያህል መንገድ አንድ ሰው አይድንም እንዲለኝ ሄድኩ።

አሁን ወደ ምሕረቱ ልምጣ።

ፓፓያ ልትገዛ አንዲት ነርስ መጣች። ከሌላ አገር በቅርብ ተዛውራ የመጣች ስለሆነች የሰፈሩን ወሬ ገና አልሰማችም፤ ያለዚያ ማን ይመጣ ነበር። እኔ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ካሮት አሳሳለሁ። ከአጥሩ በር ላይ ተጣራች።

«አባባ! ይሄ የተሰቀለው ጫማ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ልጄ። አይወድቅም፣ አትስጊ።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አድርገው ነው የሚሠሩት?»

እግሬን ከጭቃው ነቅዬ አሳየኋት። ትሸሻለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዘንቢሏን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና በጣቷ ጫን አድርጋ አየችው። አልማዝ ከቤት ወጥታ ዓይኗን ማመን አቅቷት ቆመች።

«ሐኪሞች ጫማ ያደርጋሉ ወይ ብለው ጠይቀዎት ያውቃሉ?»

«ሁሉም ጠይቀውኛል።»

«ምን አሏቸው?»

«አደርጋለሁ አልኳቸው። ውሸት ነው እንዴ?»

ሳቀች፤ የገበያውን ዓይነት ሳቅ አይደለም። «ውሸትስ አይደለም አባባ። ዋናው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አውልቀው ይሰቅሉታል።»

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። በደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ለዓይን የማይታይ፣ እንደ ተፈጨ ብርጭቆ ያለ ደቃቅ ነገር አለ። በባዶ እግር ለብዙ ዓመት ሲረገጥ በቆዳው ይገባል፣ ከዚያ የእግሩን የውሃ መሄጃ ይዘጋዋል። ዝሆኔ የሚሉት ይኸው ነው፤ ትንኝ የሚያመጣው ዓይነትም አለ፣ የኔ ግን ከአፈር ነው። ብርድና ትኩሳት ያመጣብኝም ወባ ሳይሆን በተሰነጠቀው ቆዳ የገባ ጀርም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በጎመንማ እንዴት ይተላለፋል!

አልማዝ አላመነቻትም። «ሐመሮቹ ዕድሜ ልካቸውን በባዶ እግራቸው ይሄዱ የለም? እነሱን ለምን አይዛቸውም?» አለች።

«የነሱ አገር ቆላ ነው፣ እማማ፤ አፈሩ ሌላ ነው። ይሄኛው ነው የሚነክሰው።»

ደስ ያለኝ አይምሰላችሁ። ተናደድኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ያገለገልኩት አፈር፣ እንዳላፍነው ብዬ ጫማዬን ያወለቅኩለት አፈር፣ ከሥር ሆኖ ሲበላኝ ኖሯል። ጠላሁት። ጓሮ መግባት ተውኩ። አረሙ ሽንኩርቱን ዋጠው፤ እኔ በር ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ፣ ዋጠው እላለሁ። ዳንኤል የባሕር ዛፎቹን ውሃ ማጠጣት ጀመረ። አልማዝ አንድ ቀን የኔን ጫማ ከካስማው አወረደች፣ በዚያ ሰፊ ጫማ እግሯን ከታ ገብታ ማረም ያዘች። ሁለቴ ወደቀች። ሁለተኛው ላይ ተነሥቼ ገባሁ፤ ጭቃውን በእጇ ጠርጋ «ቦት ጫማ ግዛና ና» አለችኝ። ከመሬቱ ጋር የታረቅነው እንዲህ ነው፤ ፍቅር የለም፣ ሥራ ብቻ።

ሐሙስ ሐሙስ ነርሷ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ፣ እንደኔ እግራችን ያበጠ ሁሉ እንታጠባለን። በአንድ ግቢ ብዙ ሰው በየሳፋው እግሩን ነክሮ ይቀመጣል። ውሃው ላይ ጥቂት በረኪና ጠብ ይደረግበታል፣ መጠኑን የምታሳየው ነርሷ ናት፣ ሲስተር ነው የምንላት፤ እኔም ቤት በራሴ ግምት አልጨምርም። በሳሙና ታጥቦ፣ በየጣቱ መሐል ደርቆ፣ ቫዝሊን ይቀባል። በፋሻ ይታሰራል፤ ካልሲና ጫማ። ስንቀመጥ እግራችንን ከፍ እናደርጋለን። ቁስሉ መጀመሪያ ኪኒን ፈልጎ ነበር፣ ከዚያ ደረቀ። ሽታው ሄደ። ዝንቡ ሄደ። እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ፤ ፈጽሞ እንደ ድሮው አልሆነም፣ አይሆንምም ብላኛለች። መታጠቡንም መቼም አላቆመውም። ግን እሄዳለሁ፣ ቆሜ እውላለሁ፣ ብርዱም አልተመለሰብኝም። ሌላ መድኃኒት አለ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ በሩን ዝጉበት።

በቦት ጫማ አትክልት መሥራት እንደ ገና መማር ነው። እግሬ ደነቆረብኝ። መጀመሪያ ውሃ አብዝቼ የሽንኩርቱን ሥር አበሰበስኩ። አሁን ጣቴን አፈሩ ውስጥ እስከ አንጓዬ ከትቼ አያለሁ፣ ከዚያ እጄን እታጠባለሁ። ይሠራል።

በሚቀጥለው ዝናብ ጎመኑ አማረ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ቅዳሜ ወሰድነው፤ እግሬ ደህና ሆኖ፣ ጫማ ውስጥ ሆኖ፣ ማንም አልገዛንም። ዘነበች በፊታችን አልፋ ከሌላ ገዛች። ዳንኤል ወደ ችግኞቹ ብቻ አየ።

ሐሙስ ለሲስተሯ እንኳ ልስጣት ብዬ ጎመኑን በጆንያ ይዤ ወረድኩ። ከደጋው የምትመጣ አንዲት እናት ከሳፋዋ ሳትወጣ አየችው።

«አያ፣ ይሄን ትሸጣለህ?»

«ሰው አይገዛኝም፣ እናቴ። ለሲስተሯ ነው ያመጣሁት።»

«እኛስ? እኛ ሰው አይደለንም?»

ከወዲያ ያለው ሰውዬ እጁን ዘረጋ። «ኧረ ወዲህ አምጣው! እኛን እንደሆነ ይዞናል፣ ምን ቀረብን ብለን እንፈራለን?» ግቢው በሙሉ ሳቀ፣ ውሃው ከሳፋው እስኪፈስ ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ አብሬ ስስቅ አላፈርኩም። ጆንያው ባዶ ሆነ። በቀጣዩም ሐሙስ እንዲሁ ባዶ ሆነ። ከዚያ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች መግዛት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ወንድሟ ከኛ ጋር የሚታጠብ አንዲት የሆቴል ባለቤት «ካሮትና ሽንኩርትም አምጣልኝ» አለች።

ዳንኤል ግን በቃሉ ዶማውን ይዞ ችግኞቹን ሊተክል መጣ።

«ተሸጧል» አልኩት።

«ማን ገዛው?»

«አብረውኝ የሚታጠቡት።»

«እነሱ! እነሱማ...» ብሎ አፉን አጣመመ።

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። እንዴት እንደሚቆጡ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ቃሉ ግን ወጣ። «እነሱ ሰዎች ናቸው! እኔ ከነሱ ነኝ፣ አንተ የኔ ነህ! መሬቱም የኔ ነው። ባሕር ዛፍህን ከቤቴ አውጣ!» አልማዝ ከማድቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አላገዘችኝም፣ አላስቆመችኝምም። ዳንኤል ችግኞቹን ባጃጁ ላይ ጭኖ ሄደ። ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዶማውን ይዞ መጣ፣ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል «በባዶ እግርህ አትገባም» አልኩት። «አፈር ነው እንጂ እሳት ነው?» እያለ አጉረመረመ። ግን አላወለቀም። እስከ ዛሬ እሱ ይቆፍራል፣ እኔ እተክላለሁ፤ ከሥራ ውጭ ብዙ አናወራም።

ዘነበች ባለፈው ሰሞን አጥሩ ጋ መጣች። ወሬው እንደ ተለወጠ እሷም ሰምታለች።

«ጋሽ ማርቆስ፣ እንዴት ነህ? እግርህስ?»

«ተመስገን። ልጆቹ ደህና?»

«ደህና ናቸው። ጎመን አለ?»

መደቡ ከፊቷ ነው፣ ሞልቶ ይታያል።

«ተሸጧል» አልኳት።

አልተሸጠም ነበር። ቆማ አየችው፣ አየችኝ፣ ሄደች። ሲስተሯ የትኛው እንደሚድንና የትኛው እንደማይድን ነግራኛለች፤ ስለዚህኛው ቁስሌ ግን አልጠየቅኋትም።